ሳራ በርናር፦ ተዋናይቷና የመድረኩ አለቃ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳራ በርናር ማን ናት?

ፈረንሳዊት የመድረክ ተዋናይት፣ አዘጋጅና የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ናት። በ1844 ፓሪስ ተወለደች፤ በ1923 እዚያው ፓሪስ አረፈች። መድረክ ላይ 60 ዓመት ገደማ ቆይታለች። አውሮፓን ዞራለች፤ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን አዳርሳለች፤ አውስትራሊያ ድረስ ሄዳለች። የትም ብትሄድ የምትጫወተው በፈረንሳይኛ ነው። ቋንቋውን የማይሰማ ሕዝብም ትኬት ለመቁረጥ ይሰለፍላት ነበር።

ብዙ ሰው የሚያውቃት ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድማ በተነሳችው ፎቶ ወይም በተቆረጠው እግሯ ነው። እሱም ይመጣል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ተዋናይት ተቀጥራ በምታድርበት ዘመን፣ እሷ የቲያትር ቤቱን ቁልፍም ካዝናም በእጇ አስገባች።

የልደት ቀኗ ለምን ያወዛግባል?

መዝገቡ ስለተቃጠለ ነው። በ1871 ፓሪስ በኮሚዩን ዓመጽ ስትታመስ ማዘጋጃ ቤቱ ነደደ፤ የልደት መዝገቦቹም አብረው ሄዱ። ስለዚህ አንዱ ኦክቶበር 22 ይላል፣ ሌላው 23።

እናቷ ከሆላንድ የመጣች አይሁዳዊት ነበረች። ባለጸጋ ወዳጆች እየተመላለሱ የሚያስተዳድሯት፣ በሳሎኗ የምትታወቅ ቆንጆ ሴት። አባቷ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሳራ ሕፃንነቷን ያሳለፈችው በሞግዚት እጅ ነው። ኋላ ቬርሳይ ውስጥ መነኮሳት የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ እያለች ልመንኩስ ትል ነበር።

ትወናን እንዴት ጀመረች?

የቤተሰብ ጉባኤ ወስኖላት። ልጅቷ ምን ትሁን ተብሎ ሲመከር፣ ከእናቷ ወዳጆች አንዱ የነበረው የሞርኒ መስፍን «የትወና ትምህርት ቤት አስገቧት» አለ። ሰውየው የናፖሊዮን ሦስተኛ የእናት ልጅ ወንድም ነው። ቃሉ የዋዛ አልነበረም።

ለመግቢያ ፈተናው አንድ የኮሜዲ ትዕይንት አጥንታ ነበር። ችግሩ፣ ቃል እየተቀበለ የሚመልስላት ሰው ይዛ አልሄደችም። ፈታኞቹ ፊት ቆማ ሐሳቧን ቀየረች። የላ ፎንቴንን የሁለት ርግቦች ተረት በቃሏ ወጣችላቸው። አለፈች። በ1862 ደግሞ በአገሪቱ አንጋፋ ቲያትር ቤት፣ በኮሜዲ ፍራንሴዝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣች። የያኔው ስመ ጥር ሐያሲ ሳርሴ መልኳንና የቃል አወጣጧን አመሰገነ፤ ለጊዜው ከዚህ ሌላ የሚባል ነገር የለም ብሎ ዘጋው።

ከኮሜዲ ፍራንሴዝ የወጣችው በጥፊ ምክንያት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1863 የሞሊየር ልደት እየተከበረ ነበር። ሳራ ትንሿን እህቷን ረዢንን ይዛ ሄደች። ልጅቷ የአንዲት አንጋፋ ተዋናይት ቀሚስ ጭራ ረገጠች። ሴትዮዋ ማዳም ናታሊ ትባላለች። ዘወር ብላ ሕፃኗን ገፈተረቻት። ሳራ አላመነታችም፤ በጥፊ አላሰቻት።

ይቅርታ ጠይቂ ተባለች። እሷ መጀመሪያ እህቴን ትጠይቅልኝ ባይ ናት። በዚሁ ተለያዩ። 18 ዓመቷ ነበር፤ ከአንጋፋው ቤት የተባረረች ጀማሪ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ደረቅ ነበሩ።

አግብታለች? ልጅስ አላት?

አንድ ልጅ አላት፣ ሞሪስ የሚባል፤ በ1864 የተወለደ። አባቱ የቤልጂየም መስፍን ነው፤ አልተጋቡም። በ1882 ዳማላ የሚባል ግሪካዊ አገባች። መልከ መልካም ነው፤ የሞርፊን ሱሰኛም ነበር። ትዳሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ሰውየው በ1889 ሞተ።

ዝናዋ የጀመረው በየትኛው ሥራ ነው?

በኦዴዮን ቲያትር፣ በ1869። ገና ስም ያልነበረው ወጣት ገጣሚ ፍራንስዋ ኮፔ አንዲት አጭር ተውኔት ጽፎ ነበር። ሳራ በዚያ ውስጥ ዛኔቶ የሚባል ተቅበዝባዥ ዘፋኝ ልጅ ሆና ተጫወተች። ወንድ ልጅ፣ ልብ በሉ። ፓሪስ ወደደቻት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አስጠርተው አዩዋት።

በ1872 በቪክቶር ሁጎ ተውኔት ንግሥት ሆና ስትጫወት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በጥፊ የወጣችበት ኮሜዲ ፍራንሴዝ መልሶ ወሰዳት። በ1874 የራሲንን አሳዛኝ ተውኔት መሪ ሴት፣ ፌድርን፣ ተጫወተች፤ የሕይወቷ ሙሉ ሚና የሆነችው እሷ ናት። በ1877 ደግሞ የሁጎ ተውኔት ኤርናኒ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ደራሲ አይቶ አለቀሰ። በማግስቱ በእንባ ቅርጽ የተሠራ አልማዝ ላከላት፤ ያስለቀስሽኝ እንባ ያንቺ ነው እንደ ማለት።

«የወርቅ ድምፅ» የሚሏት ለምንድን ነው?

ስሙን ያወጣላት ሁጎ ነው ይባላል። ድምፅዋ ወፍራም አልነበረም። ኃይሉ ዜማው ላይ ነው። ረጅም የግጥም ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች፤ ድንገት ትሰብረዋለች፤ ከዚያ በሹክሹክታ ትጨርሰዋለች። ሹክሹክታው የኋላ ወንበር ድረስ ይደርሳል።

ሰውነቷ ደግሞ ለዘመኑ ጣዕም የሚሆን አልነበረም። ሞላ ያለች ሴት በምትወደድበት ጊዜ እሷ ክር ነበረች። የጋዜጣ ካርቱን ሠሪዎች እንደ መጥረጊያ እንጨት ይስሏት ነበር። እሷም ቅጥነቷን ሥራ ላይ አዋለችው። ገላዋን እየጠመዘዙ የሚወርዱ ቀሚሶች አሠራች፤ ስትቆምም ስትዞርም ቀሚሱ አብሯት ይዞራል።

ቲያትር ቤት ሆስፒታል አድርጋለች የሚባለውስ?

አድርጋለች። በ1870 የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ሲከብብ ኦዴዮን ውስጥ የቁስለኛ ማከሚያ አቋቋመች። ምግብና መድኃኒት ፍለጋ የምታውቃቸውን ባለሥልጣናት በር አንኳኳች። አንዱ የከተማው ሹም የድሮ ወዳጇ ነበር። ስንቁን ሰጣት። እሷ ደግሞ የለበሰውን ባለ ፀጉር ካፖርት አይታ ለቁስለኞቼ ብላ አስወለቀችው።

ከሰል ሲያልቅ የመድረክ ቁሳቁስ፣ አሮጌ ዲኮርና አግዳሚ ወንበር እየተፈለጠ ነደደ። የከተማው ድብደባ ሲጀምር ቁስለኞቹ ወደ ምድር ቤት ወረዱ።

ታዲያ ኮሜዲ ፍራንሴዝን ሁለተኛ ጊዜ ለምን ለቀቀች?

እዚያ ቤት ሚና የሚያድልሽ ሌላ፣ ቀኑን የሚወስነው ሌላ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ ነው። በ1878 በባሉን ሰማይ ላይ ወጥታ ስትንሸራሸር ዳይሬክተሩ ያለ ፈቃድ ሄደሻል ብሎ ሊቀጣት ሞከረ። እሷ ስለ በረራው መጽሐፍ ጻፈች፤ ተራኪዋ ባሉኑ ውስጥ የተቀመጠችባት ወንበር ናት። በ1879 ለንደን ላይ ስትጫወት ደግሞ ገበያዋን በዓይኗ አየች።

በ1880 በቂ ልምምድ ያላደረገችበትን ሚና ተጫወቺ ተባለች። ትችት ወረደባት። ደብዳቤዋን ጽፋ ወጣች። ቤቱ ከሰሳት፤ 100,000 ፍራንክ ተፈረደባት። በዚያው ዓመት መርከብ ተሳፍራ ኒውዮርክ ገባች። በአንድ ዙር በ50 ገደማ ከተሞች ከ150 ጊዜ በላይ ተጫወተች፣ በራሷ ባቡር እየዞረች። ክፍያዋን የምትቀበለው በወርቅ ነበር። ወረቀት አታምንም። ቅጣቱ ለእሷ የሳምንት ሥራ ሆነ ቢባል ማጋነን ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ተቀጣሪ አልሆነችም።

አዘጋጅ ነበረች ሲባል ምን ትሠራ ነበር? ስም ብቻ ነው?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ታሪኳ ውስጥ በጣም የሚዘለለው ይኸው ነው።

በ1893 ሬኔሳንስ የሚባለውን ቲያትር ያዘች። ሒሳቡን ታያለች፤ መብራቱን ትወስናለች፤ ዲኮርና አልባሳት በእሷ ዓይን ያልፋሉ፤ ልምምዱን ራሷ ትመራለች። ማታ ማታ ደግሞ መሪ ተዋናይት ሆና ትወጣለች። ሕግም አወጣች። አንደኛ፣ ሴት ተመልካች የፈለገችው እመቤት ትሁን፣ ትርዒቱ ሲጀመር ባርኔጣዋን ታወልቃለች። የዘመኑን ባርኔጣ ያየ ይገባዋል፤ ላባውና አበባው ከኋላ ያለውን ሰው ሙሉ መድረክ ይጋርድበታል። ሁለተኛ፣ መድረኩ ፊት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ለተዋንያን ቃለ ተውኔት የሚያቀብለው ሰው ቀረ። ተዋናይ ቃሉን ያጥና። ሦስተኛ፣ ተከፍሏቸው የሚያጨበጭቡ ሰዎች ተባረሩ። በፓሪስ ይህ እንደ ሙያ የሚቆጠር ነገር ነበር።

የምትመርጣቸውንም ተውኔቶች ተመልከቱ። አልፍሬድ ደ ሙሴ በ1834 የጻፈው ሎሬንዛቾ የሚባል ተውኔት አለ። ገጸ ባሕርዩ ብዙ፣ ቦታው የሚቀያየር። ይህ ይነበባል እንጂ መድረክ ላይ አይወጣም ተብሎ 60 ዓመት መደርደሪያ ላይ ቀረ። በ1896 ሳራ አወጣችው፤ መሪውንም ወንድ ገጸ ባሕርይ ራሷ ተጫወተች። ወጣቱን ጸሐፌ ተውኔት ኤድሞን ሮስታንንም ገና ስሙ ሳይገን አሳይታለች። ገንዘቡ ግን በዚህ አልመጣም። ሬኔሳንስ አከሰራት። ጉድጓዱን የምትደፍነው በጉዞ ነው፤ አንድ ዙር ወጣ ብላ ለቅማ ትመለሳለች።

በ1899 ወደ ትልቅ ቤት ተሸጋገረች። በሻትሌ አደባባይ ያለውን ከ1,000 በላይ ሰው የሚይዝ ቲያትር ከፓሪስ ከተማ ተከራየች። የወንበሩን ቀይ ከፋይ አስነስታ ቢጫ አለበሰችው። ስሙንም ሳራ በርናር ቲያትር አለችው። ትህትና አይባልም። ኪራዩን የሚከፍል ሰው ግን በሩ ላይ የራሱን ስም ቢጽፍ ምን ይገርማል?

ከሠዓሊው ሙካ ጋር ያላት ግንኙነት ምንድን ነው?

ሥራ የሰጠችው እሷ ናት። በ1894 መጨረሻ፣ የገና ሰሞን፣ ለአዲሱ ትርዒቷ በአስቸኳይ ፖስተር ታዘዘ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሠዓሊዎቹ ለበዓል ሄደዋል። የቀረው አልፎንስ ሙካ የሚባል ያልታወቀ ቼክ ነበር። ሁለት ሜትር የሚያልፍ ቀጭን ፖስተር ሠራላት፤ ዘንባባ ይዛ፣ ከራሷ በላይ ቅስት ያለባት፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የምትመስል ሴት። በአዲሱ ዓመት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሰው በሌሊት እየላጠ ወሰደው። ሳራም የስድስት ዓመት ውል አስፈረመችው።

ሃምሌትን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት?

አይደለችም። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ከእሷ በፊት ሃምሌትን የተጫወቱ ሴቶች ነበሩ፤ ለምሳሌ ሳራ ሲደንስና ሻርለት ኩሽማን። የሳራን ሃምሌት ልዩ ያደረገው ሌላ ነው። በ1899 ለራሷ ቲያትር አዲስ የስድ ንባብ ትርጉም አሠራች። ገጸ ባሕርዩንም የሚያንቀላፋና የሚያቅማማ ሳይሆን ቆፍጣና፣ ንቁ ልጅ አድርጋ ተጫወተችው። ለንደን ላይ ገሚሱ አጨበጨበ፣ ገሚሱ ሳቀ።

ለምን ወንድ ትሆኛለሽ ሲሏት፣ የምትወደው የወንድ ሚናን ሳይሆን በሚናው ውስጥ ያለውን አእምሮ እንደሆነ ትናገር ነበር። እውነቷን ነው። ዕድሜዋ ለገፋ ተዋናይት የሚጻፈው ሚና ወይ እናት ነው ወይ ምቀኛ አሮጊት። በ1900 ሮስታን የናፖሊዮንን ልጅ ታሪክ ጻፈላት። ልጁ በ21 ዓመቱ የሞተ መስፍን ነው። እሷ 55 ዓመቷ። ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ትርዒት፣ ለወራት ያለ ማቋረጥ ታየ።

በሬሳ ሣጥን ውስጥ ትተኛ ነበር? አዞውስ?

ሣጥኑ ነበራት፤ ፎቶውም እውነተኛ ነው። እሷ በማስታወሻዋ እንደምትለው፣ እህቷ ረዢን በሳንባ ነቀርሳ ታማ ስትከርም አልጋዋን ለቀቀችላት። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ አልጋ አልገባም፤ እሷ ሣጥኑ ውስጥ ተኛች። ረዢን ሞተች። ፎቶው ግን ተቀነባብሮ የተነሳ ነው፤ በገበያም ተሸጧል። ሐዘኑም እውነት፣ ንግዱም እውነት።

አዞውም ነበር። ከአሜሪካ ያመጣችው ነው፣ አሊ ጋጋ ብላ የሰየመችው። ወተትና ሻምፓኝ ሲጠጣ ሞተ ይባላል። ምስኪን።

እግሯ እንዴት ተቆረጠ? ባርነም ሊገዛው ጠይቆ ነበር?

በ1905 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ቶስካ የሚባለውን ተውኔት ትጫወት ነበር። መጨረሻው ላይ ባለታሪኳ ከግንብ ላይ ራሷን ትወረውራለች። ከታች ፍራሽ መኖር ነበረበት። አልነበረም። ቀኝ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። አሥር ዓመት ከሕመሙ ጋር ተጫወተች። መቆም የማትችልበት ትዕይንት ሲኖር ጠረጴዛና ወንበር እንድትደገፍበት ሆኖ ይደረደር ነበር። በፌብሩዋሪ 1915 ቦርዶ ውስጥ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። 70 ዓመቷ ነበር።

ሰው ሠራሽ እግር ሞከረች፣ ጠላችው፣ ተወችው። በወንበር ያሸክሟት ጀመር። በዚያው ዓመት ጦር ግንባር ድረስ ሄዳ ለወታደሮች ግጥም አነበበች። መጋረጃው ሳይከፈት ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ሲከፈት የሚታየው ፊቷና እጆቿ ናቸው። ቀጥላ አሜሪካን እንደገና ዞረች።

ባርነም? የሰርከሱ ሰውዬ እግሯን ለትርዒት ሊገዛ ብዙ ሺህ ዶላር አቀረበ የሚለው ወሬ በየቦታው አለ። ፊኒያስ ባርነም የሞተው በ1891 ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

አይሁዳዊ ዘሯ ሕይወቷን ነካው?

በሕይወቷም ከሞተች በኋላም። ካቶሊክ ሆና ተጠምቃለች፤ የእናቷን ወገን ግን አልካደችም። ጋዜጦች አፍንጫዋን እያስረዘሙ ይስሉባት ነበር። አይሁዳዊው የፈረንሳይ መኮንን ካፒቴን ድሬፉስ በሐሰት በአገር ክህደት ሲወነጀል፣ ከተሟገተለት ደራሲ ከኤሚል ዞላ ጎን ቆመች። ልጇ ሞሪስ ተቃራኒው ወገን ነበር። የምትሞትለት ልጇ፣ ዕዳውን ሁሉ የምትከፍልለት ልጇ። ለረጅም ጊዜ ተኮራረፉ።

ናዚዎች ፓሪስን ሲይዙ ስሟ ከቲያትሩ በር ላይ ተነሳ። ከጦርነቱ በኋላ ተመለሰ፤ ቆይቶ እንደገና ተቀየረ። ከ1968 ጀምሮ ቤቱ ቴአትር ደ ላ ቪል፣ የከተማው ቲያትር ነው። በ2023 ከዕድሳት ሲከፈት «ሳራ በርናር» የሚለው ስም ተጨምሮበታል።

መጨረሻዋ እንዴት ነበር?

በሥራ ላይ። በ1922 መገባደጃ በልምምድ ላይ ሳለች ታመመች። ከቤት መውጣት ሲያቅታት ፊልም ሠሪዎቹ ካሜራቸውን ወደ ቤቷ አመጡ። ፊልሙ ሳያልቅ፣ ማርች 26 ቀን 1923 በልጇ በሞሪስ እቅፍ ሞተች። የተቀበረችው በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ነው።

ዛሬ ብናያት እንወዳት ነበር ወይስ ታስቀን ነበር?

በዘመኗም የተከፋፈለ ጉዳይ ነው። የ21 ዓመቱ ሩሲያዊ ጸሐፊ ቼኾቭ በ1881 ሞስኮ ላይ አይቷት፣ እያንዳንዱ እንባዋ በደንብ የተጠና ትምህርት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያው ጋር ግን ትጋቷን እንደሚቀናበት ተናገረ። በ1895 እሷና ጣሊያናዊቷ ኤሌኦኖራ ዱዜ ለንደን ላይ አንድ ዓይነት ሚና ተጫወቱ። ያኔ የቲያትር ሐያሲ የነበረው በርናርድ ሾው ለዱዜ ፈረደ። ሳራ ወደ ገጸ ባሕርይዋ አትገባም፤ ገጸ ባሕርይዋን አስወጥታ እሷ ትቀመጣለች አለ። ሁለቱ ሴቶች ምን ቢፎካከሩም፣ በ1897 ዱዜ ፓሪስ ስትመጣ የተጫወተችው በሳራ ቤት፣ በሬኔሳንስ፣ ነው።

በ1912 የሠራችውን የንግሥት ኤልሳቤጥ ፊልም ያየ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ድምፅ የለውም፤ ያ የወርቅ ድምፅ ቀርቷል። ክንዶቿ ይወዛወዛሉ፣ ፊቷ ላይ ያለው ዱቄት ይታያል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ስቄያለሁ። መጨረሻው ላይ ንግሥቲቱ ቆማ እየሞተች ነው፤ ፊት ለፊቷ ትራስ ተቆልሏል። ዘንበል ትልና በሙሉ ቁመቷ፣ በፊቷ ትደፋበታለች። በዚያ ጊዜ ጉልበቷ እንዴት እንደነበር አሁን ታውቃላችሁ። ከዚያ ተነስታ ትመጣለች። ፊቷ ያለው ካሜራ ብቻ ነው፣ አንድም ተመልካች የለም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እጅ ትነሳለች።